ነባሩን መድኃኒት ከገበያ ማንሣት የውድድር ሕግ ጉዳይ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ ላይ በቅርቡ ስለ መድኃኒት ዋጋ የወጣውን ሐተታ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የአንድ መድኃኒት የፓተንት ዘመን፣ ማለትም ፈልሳፊው ብቻውን እንዲሸጠው ሕግ የሰጠው ጊዜ፣ ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች ያንኑ መድኃኒት በርካሽ ይዘው እንደሚገቡ፣ ዋጋውም ወዲያው እንደሚወርድ አስረድተዋል። የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የፓተንቱ ዘመን ከማለቁ በፊት ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ካልተነገረ፣ አንባቢው ሕጉ የሰጠው ተስፋ ብዙ ጊዜ ሳይፈጸም የሚቀርበትን ምክንያት ሊረዳ አይችልም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እነዚያ ወራት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በአሜሪካ በፋርማሲስትነት ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ለዓመታት ሲወስዱት የኖሩትን መድኃኒት ባዶ ብልቃጥ ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ርካሹ ዘንድሮ ይወጣል ብለኸኝ አልነበረም?» ብለው የጠየቁኝን አልረሳውም። በእርግጥ ብያቸው ነበር። ርካሹም በተባለው ጊዜ ወጥቶ ከኋላዬ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይሁን እንጂ ሐኪማቸው የላኩት ማዘዣ የተጻፈው ኩባንያው ከጥቂት ወራት በፊት ባወጣው፣ ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ ያው ሆኖ ቅርጹና መጠኑ በተለወጠ ምርት ስም ስለነበር፣ አንዱን በሌላው ተክቼ እንድሰጣቸው ሕጉ አይፈቅድልኝም። የቀድሞው ምርት ደግሞ ከገበያ ተነሥቷል። እኒያ እናት የዚያን ዕለት የከፈሉት ገንዘብ ሐኪማቸውም እኔም እርሳቸውም ሳንመርጠው በሌላ ወገን የተወሰነ ነበር።

ጉዳዩን ለመረዳት ሕጉ እንዴት እንደተዋቀረ ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1984 ባወጣውና በሁለቱ አርቃቂዎቹ ስም «ሃች-ዋክስማን» እየተባለ በሚጠራው ሕግ መሠረት፣ ጄኔሪክ አምራች፣ ማለትም የዋናውን መድኃኒት አቻ በርካሽ የሚሠራ ኩባንያ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ያካሄደውን ረጅምና ውድ የሕክምና ሙከራ እንደገና እንዲያካሂድ አይጠየቅም፤ መድኃኒቱ አንድ ዓይነት መሆኑንና በሰውነት ውስጥም በእኩል መጠንና ፍጥነት የሚሠራ መሆኑን ካሳየ ይበቃዋል። ለመጀመሪያው ኩባንያም በምላሹ በምርመራና በፈቃድ ሂደት ከባከነበት የፓተንት ዘመን ከፊሉ ይመለስለታል። በዚህ ላይ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ሲታከል፣ ፋርማሲስቱ በንግድ ስም በታዘዘው ምትክ አቻውን ጄኔሪክ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል፤ በአንዳንዱ ክፍለ ግዛትም ያስገድደዋል። ዛሬ በዚያች አገር ከሚሞሉት ማዘዣዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በጄኔሪክ የሚሞሉት በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው። መድኃኒቶችን የሚፈቅደው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባካሄደው ጥናት አንድ ጄኔሪክ ብቻ ሲገባ የአምራቹ ዋጋ ከንግድ ስሙ ዋጋ በአማካይ 39 በመቶ ዝቅ ሲል፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲገቡ ግን ቅናሹ ከ95 በመቶ ያልፋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ጄኔሪክ «አቻ» የሚባለው ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ፣ የአወሳሰዱ መንገድ፣ ቅርጹና የሚሊ ግራም መጠኑ ከዋናው ጋር አንድ ሲሆን ነው። ካፕሱል የክኒን አቻ አይደለም፤ 54 ሚሊ ግራምም የ48 ሚሊ ግራም አቻ አይደለም። ደንቡ የወጣው ለሕመምተኛው ደኅንነት ተብሎ ስለሆነ በራሱ ነውር የለበትም፤ እኔም እንዲላላ አልጠይቅም። ነገር ግን ለአንድ ባለገበያ ኩባንያ የሚከፍትለትን ዕድል ልብ ይሏል፦ ተፎካካሪው ለዓመታት ደክሞ የካፕሱሉን አቻ ሠርቶ ሊገባ ሲል ካፕሱሉን ወደ ክኒን መለወጥ፣ ሐኪሞችን ሁሉ ወደ ክኒኑ መውሰድ፣ ከዚያም ካፕሱሉን ማንሣት። ጄኔሪኩ ፈቃዱን አግኝቶ ሲመጣ በስሙ የሚጻፍ ማዘዣ አያገኝም።

ይህ ሐሳብ ብቻ ሆኖ የቀረ አይደለም። የደም ቅባትን ለመቀነስ የሚሰጠው ፌኖፋይብሬት የተባለ መድኃኒት «ትራይኮር» በሚል የንግድ ስም በአቦት ኩባንያ ይሸጥ ነበር። ቴቫ የተባለው ጄኔሪክ አምራች የካፕሱሉን አቻ ለመሸጥ ሲያመለክት አቦት በፓተንት ጥሰት ከሰሰው፤ ክሱ ሲመሠረት ደግሞ በ1984ቱ ሕግ መሠረት የጄኔሪኩ ፈቃድ እስከ 30 ወር ድረስ በራሱ ይታገዳል። በዚህ የእገዳ ጊዜ ውስጥ አቦት መድኃኒቱን በክኒን መልክ አስፈቀደ፣ ካፕሱሉን መሸጥ አቆመ፣ በመድኃኒት ቤቶች የቀረውንም መልሶ ገዛ፤ ፋርማሲስቶችና የመድን ድርጅቶች በሚጠቀሙበት አገር አቀፍ የመድኃኒት መረጃ ቋት ውስጥም የካፕሱሉን መለያ ቁጥር «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ እንዲመዘገብ አደረገ። እንዲህ በመሆኑ ጄኔሪኩ ሊተካው የሚችል ዋና መድኃኒት በመዝገብ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ቴቫ ተመልሶ የክኒኑን አቻ መሥራት ጀመረ። ሲደርስ አቦት ከምግብ ጋር መወሰድ አያስፈልገውም ያለውን ሌላ ክኒን፣ በሌላ የሚሊ ግራም መጠን፣ አወጣና ያንኑ ሥራ ደገመው። የዴላዌር ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2006 በሰጠው ውሳኔ፣ የምርት ለውጥ ሁሉ ሕጋዊ ነው የሚለውን የአቦትን መከራከሪያ ሳይቀበል ቀርቶ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ሸማቹ ሁለቱን ምርቶች አወዳድሮ የመምረጥ ዕድል እንዲያጣ ከተደረገ፣ ለውጡ የሚመዘነው ባስከተለው ጥቅምና ጉዳት ነው አለ። ክርክሩ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ በስምምነት ተቋጨ።

የመለያ ቁጥሩን ነገር በተለይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ክኒን ማውጣት የምርምር ሥራ ነው ሊባል ይችላል። ምግብ ሳይበሉ መውሰድ መቻልም ለሕመምተኛው ይጠቅማል ሊባል ይችላል። የቀድሞውን ምርት ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ መልሶ መግዛትና ስሙን ከመዝገብ ማስፋቅ ግን ለየትኛው ሕመምተኛ፣ ለየትኛውስ ምርምር ይጠቅማል? ፍርድ ቤቶች «ፈጠራን እንዳናዳክም» ብለው ሲያመነቱ በአእምሯቸው ያለው የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ሊመረመር የሚገባው ግን ሁለተኛው ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን የሚያደርጉት የመድኃኒት ገበያ እንደ ሌላው ገበያ ስላልሆነ ነው። የሚያዘው ሐኪሙ ነው፤ የሚውጠው ሕመምተኛው ነው፤ አብዛኛውን የሚከፍለው መድን ድርጅቱ ወይም መንግሥት ነው። መራጩ ዋጋውን አያየውም፤ ከፋዩ አይመርጥም። ይህን ክፍተት የሚደፍነው የፋርማሲስቱ የመተካት ሥልጣን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋና ምርጫ የሚገናኙት በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ቅርጽ እየለወጡ መዝለል የሚያጠቃው አንድን ተፎካካሪ ብቻ አይደለም፤ የዋጋ ውድድር የሚካሄድበትን ብቸኛ በር ይዘጋል። አንድ ሕመምተኛ ወደ አዲሱ ከተዛወረ በኋላ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሐኪሙ እንደገና እንዲያስብበት፣ አዲስ ማዘዣ እንዲጽፍ፣ ሕመምተኛውም ለሁለተኛ ጊዜ መድኃኒት ለመለወጥ እንዲስማማ ያስፈልጋል፤ በሕመሙ ረጋ ብሎ የሚኖርን ሰው ለዋጋ ሲባል እንደገና ለመነካካት የሚደፍር ሐኪም ብዙ አይደለም፤ ሐኪሞቹንም በዚህ አልወቅሳቸውም።

ይህን እውነት ከሁሉ አብልጦ የገለጠው የአልዛይመር ሕሙማን የሚወስዱት የ«ናሜንዳ» ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ነበር። ለጄኔሪኮች በሩ ሊከፈት የነበረው በ2015 አጋማሽ ነው። ባለቤቱ ፎረስት ኩባንያ በ2013 በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ፣ ፓተንቱ እስከ 2029 የሚዘልቅ ካፕሱል አወጣ። በአንድ ጊዜ መወሰዱ ለአስታማሚ ቤተሰብ እፎይታ እንደሆነ አልክድም፤ የመርሳት ሕመም ያለበትን ወላጅ መድኃኒት ለማስዋጥ ማለዳና ማታ የታገለ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ሆኖም ኩባንያው ራሱ ሲገምት፣ ሁለቱም ምርቶች ገበያ ላይ ቢቆዩ ጄኔሪኩ ከመግባቱ በፊት በፈቃዱ ወደ አዲሱ የሚዛወረው ሕመምተኛ 30 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ይህ ግምት አላረካውምና በፌብሩዋሪ 2014 የቀድሞውን ክኒን በዚያው ዓመት ኦገስት እንደሚያቆም አስታወቀ። በመካከሉም አክታቪስ የተባለው ኩባንያ ፎረስትን ገዛ።

የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር እግድ ሰጠ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በሜይ 2015 እግዱን አጸና። የውሳኔው ፍሬ ነገር ለእኔ እስከ ዛሬ ከተጻፉት ሁሉ ግልጹ ነው። አዲስ ምርት ማውጣት ብቻውን ሕግ አይጥስም፤ አንድን ምርት መሸጥ ማቆምም ብቻውን በመሠረቱ ሕግ አይጥስም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጣመሩና ሸማቹን አሳምነውት ሳይሆን አስገድደውት ወደ አዲሱ ሲገፉት ግን፣ ገበያን በሞኖፖል መያዝን የሚከለክለው የ1890ው የሸርማን ሕግ ሁለተኛ አንቀጽ ይጣሳል። ኩባንያው ጄኔሪኮች ሊገቡ ከሚችሉበት ከጁላይ 11 ቀን 2015 በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ የቀድሞውን ክኒን ማቅረቡን እንዲቀጥል ታዘዘ። ልብ በሉ፤ አዲሱን ካፕሱል እንዳይሸጥ የከለከለው የለም፤ እንዳያስተዋውቅ የከለከለውም የለም። የታዘዘው ሕመምተኛውና ሐኪሙ ሁለቱን አይተው እስኪመርጡ ድረስ አሮጌውን እንዳያነሣ ብቻ ነው። ጄኔሪኩ ሲመጣም ማዘዣው ገና በእጁ የነበረ ሕመምተኛ አገኘ።

ፍርድ ቤቶች ሁሉ በዚህ መንገድ አልሄዱም፤ የተቃራኒውን ወገን ክርክርም በቅንነት ማቅረብ ይገባል። አስትራዜኔካ ከጨጓራ አሲድ መድኃኒቱ ከ«ፕራይሎሴክ» ወደ «ኔክሲየም» ሐኪሞችን ሲያዛውር የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2008 ክሱን ዘግቶታል፤ ምክንያቱም ኩባንያው ፕራይሎሴክን ከገበያ አላነሣም፤ እንዲያውም ያለ ማዘዣ በሚሸጥ መልክ አዲስ ምርጫ ጨምሯል። ሐኪሞች በማስታወቂያ ተማርከው ውዱን መረጡ ቢባልም የውድድር ሕግ የማስታወቂያን ኃይል አይዳኝም። ይህን ውሳኔ ከናሜንዳው ጋር የሚጋጭ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ ግን ሁለቱ የሚደጋገፉ ሆነው ይታዩኛል፤ አንዱ ጋ አሮጌው ቀርቷል፣ ሌላው ጋ ሊነሣ ነበር። በእርግጥ የሚከብደኝ የ«ዶሪክስ» ጉዳይ ነው። ለብጉር የሚሰጠውን ይህን መድኃኒት አምራቾቹ ከካፕሱል ወደ ክኒን፣ ከአንድ መጠን ወደ ሌላ መጠን ከመለዋወጣቸውም አልፈው በክኒኑ ላይ ለመስበሪያ የሚሆን መስመር ጨምረውበት ነበር። የፊላደልፊያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 ከሳሹን ማይላንን ያሰናበተው፣ ሌሎች ተመሳሳይ የብጉር መድኃኒቶች በገበያው ስላሉ ተከሳሹ የሞኖፖል ኃይል የለውም፣ ከሳሹም ከገበያ አልታገደም በማለት ነው። አመክንዮው የማይናቅ ነው። ነገር ግን ገበያው «የብጉር መድኃኒት ሁሉ» ነው ከተባለ፣ ጄኔሪክ ሲገባ የአንዱ መድኃኒት ዋጋ ብቻ ለይቶ የሚወርደው ለምንድን ነው? ሌሎቹ መድኃኒቶች እውነተኛ ተፎካካሪ ቢሆኑ ኖሮ ዋጋው ቀድሞውንም በወረደ ነበር።

«ጄኔሪክ አምራቾች ለምን እንደ ማንም ነጋዴ ለሐኪሞች አያስተዋውቁም? ሕጉ ለተፎካካሪ ስንቅ የመቋጠር ግዴታ በማንም ላይ አልጣለም» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ብዙ ይደመጣል። ሲሰሙት ያሳምናል። ሆኖም የጄኔሪክ ርካሽነት የመጣው ከየት እንደሆነ ማሰብ ነው፤ የሕክምና ሙከራ ወጪ የለበትም፣ በየሐኪሙ ቤት የሚዞር የሽያጭ ሠራተኛም የለውም። አንድ ጄኔሪክ አምራች ገንዘብ አፍስሶ ሐኪሙን ቢያሳምን እንኳ ፋርማሲስቱ ማዘዣውን የሚሞላው በእጁ ባለው በማንኛውም አቻ ስለሆነ፣ ትርፉ ላስተዋወቀው ሳይሆን ለጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጄኔሪኩ እንደ ባለ ንግድ ስም ያስተዋውቅ ማለት እንደ ባለ ንግድ ስም ይወደድ ማለት ነው። ሃች-ዋክስማን ያሰበው ይህን አልነበረም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በናሜንዳ ጉዳይ ላይ የመተካት ሥርዓቱ ለጄኔሪኮች ብቸኛው ወጪ ቆጣቢ መንገድ መሆኑን የተቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሕመምተኛ ደኅንነት ስም ለዚህ ሥራ ሲውል ነው። ከኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ካሉ ዕፆች) ሱስ ለመላቀቅ የሚሰጠው «ሱቦክሶን» የተባለው ክኒን የሕግ ከለላው በ2009 አበቃ። ባለቤቱ ሬኪት ቤንኪዘር በ2010 ምላስ ሥር የሚቀልጥ ስስ ፊልም አስፈቀደና ገበያውን ወደዚያ መግፋት ጀመረ፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው ይህን ያደረገው ክኒኑ ለሕፃናት አደገኛ ነው የሚል ሐሰተኛ የደኅንነት ወሬ እየነዛ ነበር። በ2012 ክኒኑን ለደኅንነት ሲባል እንደሚያነሣ አስታውቆ፣ በዚያው ላይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የክኒኑን ጄኔሪኮች እንዳይፈቅድ አቤቱታ አስገባ። የአቤቱታውን ተንኮል ለመረዳት አንድ ደንብ ማወቅ ይበቃል፤ በአሜሪካ ከገበያ የተነሣ መድኃኒት አቻ አሁንም ሊፈቀድ የሚችለው፣ ዋናው የተነሣው በደኅንነት ወይም በፈዋሽነት ጉድለት ካልሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ «ለደኅንነት አነሣሁት» ማለት ማዘዣውን ብቻ ሳይሆን ፈቃዱንም ሊዘጋ ይችላል። አስተዳደሩ በፌብሩዋሪ 2013 አቤቱታውን ውድቅ አድርጎ ጄኔሪኮቹን ፈቀደ፤ የኩባንያውንም አድራጎት ለንግድ ኮሚሽኑ መራው። ሬኪት በ2019 ለኮሚሽኑ 50 ሚሊዮን ዶላር፣ መድኃኒቱን ይዞ የተለየው ኢንዲቪየር በ2020 ሌላ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ከሱስ ለመውጣት የሚታገል ሰው መድኃኒቱ ሲወደድበት ወዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ገንዘብ መጠን ከጉዳቱ ጋር ያመዛዝነው።

አሮጌን ምርት ማንሣት ሁልጊዜ ክፋት ነው አልልም። የአስም መንፊያዎች ይገፉበት የነበረው የሲኤፍሲ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሳልቡታሞልን የያዙት እነዚህ መንፊያዎች በአሜሪካ እስከ 2008 መጨረሻ ከገበያ ወጡ፤ ርካሾቹ ጄኔሪኮችም አብረው ጠፉ፤ በምትካቸው የገቡት ባለ ፓተንቶቹ አዲስ መንፊያዎች ነበሩ። ይህ በሕግ የታዘዘ ስለሆነ የውድድር ሕግ ጥሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጥሩ ምክንያት ያለው ለውጥም እንኳ የአስም ሕመምተኛውን ኪስ እንዴት እንደሚነካ ያሳያል። ለዚህ ነው «ምክንያት አለኝ» የሚል ኩባንያ ምክንያቱን በማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቅ ጭካኔ የማይሆነው።

አውሮፓ ውስጥም ነገሩ በሌላ መንገድ ታይቷል። አስትራዜኔካ «ሎሴክ» የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት ከካፕሱል ወደ ክኒን ሲያዛውር በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በስዊድን የካፕሱሉን የገበያ ፈቃድ እንዲሰረዝ አደረገ። በወቅቱ በነበረው የአውሮፓ ሕግ ጄኔሪክ አምራች በአጭሩ መንገድ ሊያመለክት የሚችለው የዋናው መድኃኒት ፈቃድ በሥራ ላይ ካለ ብቻ ስለነበር ስረዛው በሩን ይዘጋ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2005 ለፓተንት ቢሮዎች ከተሰጠ አሳሳች መረጃ ጋር ደምሮ 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት በ2010 ቅጣቱን ወደ 52.5 ሚሊዮን ዝቅ ቢያደርገውም፣ የኅብረቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2012 ዋናውን ፍርድ አጸናው። በእንግሊዝም ሬኪት ቤንኪዘር በ2005 «ጋቪስኮን ኦሪጅናል ሊኩዊድ» የተባለውን የቃር መድኃኒት የመንግሥት ሐኪሞች ከሚያዙበት ዝርዝር ያስወጣው፣ ሐኪሞች በጄኔሪክ ስም እንዲያዙት የሚያስችለው መጠሪያ ከመታተሙ በፊት ነበር፤ በ2011 የ10.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተወሰነበት። ሕንድ ደግሞ ጉዳዩን ከሥሩ፣ ከፓተንቱ ላይ ያዘችው፤ በ2005 በፓተንት ሕጓ ያስገባችው አንቀጽ 3(መ) የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ ቅርጽ ፈዋሽነቱን ጉልህ በሆነ መጠን ካላሳደገ ፓተንት አይሰጠውም ይላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም በኤፕሪል 2013 የኖቫርቲስን የካንሰር መድኃኒት «ግሊቬክ»ን በዚሁ አንቀጽ መሠረት ውድቅ አድርጎታል። ይህ መንገድ ለብዙዎች ይማርካል፤ ነገር ግን ለሕመምተኛው በእርግጥ የሚመቹ፣ ፈዋሽነትን ግን የማይጨምሩ ለውጦችን ከነጭራሹ እንዳያስቀር እሰጋለሁ። እኔ የምመርጠው አዲሱን ሳይነኩ ለአሮጌው መቆየት ጠባቂ ማቆምን ነው።

አሁን እስካሁን የጠቀስኳቸውን ዓመታት መለስ ብላችሁ እንድታዩ እለምናለሁ። ጋቪስኮን የተነሣው በ2005፣ ቅጣቱ በ2011። ሎሴክ ካፕሱሉ የተሰረዘው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የመጨረሻው ፍርድ በ2012። የሱቦክሶን ክኒን ይነሣል የተባለው በ2012፣ ስምምነቱ በ2019ና በ2020። የትራይኮር የመጀመሪያው ዝላይ በ2001፣ ክሱ የተቋጨው በ2008። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሕመምተኛው በየወሩ ከፍሏል፤ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ በገንዘብ እጦት ሳይወሰድ የቀረ መድኃኒት ወደ ኋላ ተመልሶ አይዋጥም። ፍትሕ በጊዜው የደረሰው በናሜንዳ ብቻ ነው፤ የደረሰውም ኩባንያው ዕቅዱን ከስድስት ወር በፊት በይፋ ስላሳወቀና አንድ ዐቃቤ ሕግ ፈጥኖ ስለተንቀሳቀሰ ነው። ሌላ ኩባንያ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «አታድርግ» ሳይሆን «ቀድመህ አትናገር» የሚል እንዳይሆን ያስፈራኛል።

ስለዚህ ሐተታችሁ የዋጋን ነገር በቀጣይ ክፍሎች የሚመለከት ከሆነ ይህንንም እንዲያነሣ እጠይቃለሁ። የአሜሪካ ሕግ ለሕይወት አስፈላጊ የሆኑ መድኃኒቶችን ማምረት ሊያቆም ያለ ኩባንያ ከስድስት ወር በፊት ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ የዚህ ማስታወቂያ ዓላማ ግን የመድኃኒት እጥረትን መከላከል ነው እንጂ ውድድርን መጠበቅ አይደለም። ያው ማስታወቂያ የጄኔሪክ ማመልከቻ ለቀረበበት መድኃኒት ሁሉ ግዴታ ሆኖ በዚያው ዕለት ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑም ቢደርስ፣ ኩባንያውም የቀድሞውን ምርት የሚያነሣበትን ምክንያት በማስረጃ እንዲያቀርብ፣ ካልቻለም የመጀመሪያው ጄኔሪክ ገብቶ ጥቂት ወራት እስኪያልፉ ድረስ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያቀርብ ቢታዘዝ፣ የፍርድ ቤቶቹ ረጅም ክርክር አብዛኛው ባላስፈለገ ነበር። ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2022 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት ይህን አድራጎት ራሱን አስችሎ ስለመረመረው ጉዳዩ አዲስ አይሆንበትም። አውሮፓውያን ከሎሴክ በኋላ ያደረጉት ማሻሻያ ከዚህም ያነሰ ነው፤ በ2004 በወጣው መመሪያ «ፈቃድ ያለው» በሚለው ላይ «ወይም የነበረው» የሚል ጨመሩበት፤ ከዚያ ወዲህ የዋናውን መድኃኒት ፈቃድ በማሰረዝ ጄኔሪክን ማስቀረት አልተቻለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ ፋርማሲስት